የጓሳ ሣርና የቀሮ ሥርዓት

በመንዝ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ ኤፍራታና ግድም ቆላ ከሚወርድበት ገደል በላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3200 እስከ 3700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተንጣለለውን ሣራም አምባ ሕዝቡ ጓሳ ይለዋል፤ ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። ሣሩ ለምን እንደሚያገለግል ለመንዝ ሰው መንገር ድፍረት ስለሚሆንብኝ ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል፣ መጥረጊያ ይታሰርበታል፣ በድርቅ ዓመትም ከብት ይተርፍበታል።

እኔን የሚደንቀኝ ሣሩ ሳይሆን አስተዳደሩ ነው። እኛ የሞላሌ ሰዎች በማማ ምድር ስለምንኖር፣ ጓሳ የጌራ ምድር ጉዳይ ነው እያልን ችላ ብንለውም፣ ከመንዝ ሦስት ምድሮች፣ ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ፣ በማንኛቸውም ቢሆን ብዙ ሰው አንዱን መሬት ለየግሉ ሳይከፋፈል፣ ሳያጥርና ሳያርስ ለብዙ ትውልድ በጋራ ስላቆየበት ጥበብ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም። ይህ ጥበብ የቀሮ ሥርዓት ይባላል። መነሻው በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይነገራል፤ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች አገሩን በያዙ ጊዜ ፈረስ እየጋለቡ ወሰናቸውን እንደ ለዩ ይተረካል፣ የእነርሱም ተወላጆች የሆኑ ባለርስቶች አምባውን ለሁለት ከፍለው፣ እያንዳንዱ ወገን በጉባኤ በአንድ ድምፅ በመረጠው አለቃ፣ በየአጥቢያውም ከአለቃው በታች በተሾሙ ሹማምንት ያስተዳድሩት ነበር። ጥበቃው በደመወዝ አልነበረም፤ ባለድርሻው ሁሉ በየተራው ይወጣ ነበር፣ ተራውን የዘለለም ሆነ ሣር የሰረቀ ብርቱ ቅጣት ያገኘው ነበር።

እንግዲህ ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ አጥብቆ ወደሚሳሳትበት ነገር ደረስኩ። ጓሳ ለተከታታይ ዓመታት፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ይዘጋ እንደ ነበር ሲሰማ፣ መንገደኛው ሁሉ መዘጋትን ከመተው ጋራ ያመሳስለዋል። አንድ ከሩቅ የመጣ ባለሥልጣን በገደሉ አፋፍ ቆሞ፣ «ይህ ሁሉ ባዶ መሬት ለምን ሥራ ላይ አይውልም?» ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጨዋ ሰው ስለ ነበረ አልተቈጣሁትም፤ ነገር ግን ማሳውን ዘርቶ፣ አርሞና ጠብቆ አዝመራውን የሚጠብቅን ገበሬ «ለምን ሥራ ፈታህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለምና፣ ስለ ጓሳም እንዲህ መጠየቁ ቅር አሰኘኝ። የዘጋ ሰው ያለማ ሰው ነው፤ የተዘጋው ሣር በየዕለቱ ሥራውን ይሠራል፣ ዘበኛውም በየዕለቱ ሥራውን ይሠራል፤ ብቸኛው ልዩነት ይህ እርሻ ሞፈርና ቀንበር አለመፈለጉ ነው።

የአገሩን ጠባይ የሚያውቅ ነገሩን ወዲያው ያስተውለዋል። በዚያ ከፍታ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ሣሩ እንደ ቆላ ሣር በአንድ ዝናብ አይመዘዝም፣ ዕድገቱ ቀስ በቀስ ነው፣ ከሥሩ ተሰብስቦ በጉብታ የሚበቅል ስለሆነም ክምችቱ ሁሉ ከመሬት አጠገብ ነው። በዘመነ ክረምት፣ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ በለሰለሰ ጊዜ፣ ከብት ቢገባበት ጥርሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ኮቴው የሚያደርሰው ይከፋል። በዚህም ምክንያት አባቶች ክፍት በነበረበት ዓመት ጓሳ የሚዘጋበትን ቀን ሐምሌ 5 አድርገውታል፤ ይህ ዕለት ጾመ ሐዋርያት የሚፈታበት፣ የቅዱሳን ጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው። የዕለቱን ምርጫ ብዙ ጊዜ አሰላስየዋለሁ። ማንም ገበሬ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ሳይገዛ፣ ማንም አዋጅ ነጋሪ ቤት ለቤት ሳይዞር፣ በየአጥቢያው ደወል የሚያውቀው ቀን ነው፤ «አልሰማሁም» ብሎ ለማመካኘት ቦታ አይሰጥም። ደግሞም የሰው ጾም በተፈታ ዕለት የምድሩ ጾም ይጀምራል ማለት ነው፤ ጾመኛ ሰው በሆዱ ላይ ሥልጣን እንዳለው ሁሉ፣ የዘጋ ማኅበርም በመሬቱ ላይ ሥልጣን አለው። ይህን ማመሳሰል ካህናቱ ሲናገሩት አልሰማሁም፤ የእኔው ነው፣ ቢሳሳትም ኃላፊነቱ በእኔ ላይ ነው።

በአንድ ለቅሶ ቤት ሞላሌ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ በቀድሞው ዘመን የተዘጋ ጓሳ አያሳሳም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «ልጄ፣ ማሳሳቱንስ ያሳሳል፤ ነገር ግን በክረምት የተረገጠ ጓሳ በበጋ ለማጭድ ሲደርስ አይቼ አላውቅም» አሉኝ፤ ከዚያም ወደ ሟቹ ወሬ ተመለሱ።

ከመዝጋቱ ይልቅ እኔ የምወደው ግን መክፈቱን ነው፤ ሊቃውንትም ይህን ክፍል በቸልታ ሲያልፉት አዝናለሁ። የሚከፈትበትን ዓመት የሚወስነው የሣሩ ቁመትና የሕዝቡ ችግር ነበር፤ ድርቅ ከበረታ ጊዜው ሳይሞላም ይከፈት ነበር። ሲከፈት ግን በዘፈቀደ አልነበረም። አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፤ አጨዳው ካለቀ በኋላ ብቻ ከብት ይገባል፤ ዝናቡ ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም ይወጣል። ተራው ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው የሥርዓቱን ልብ ያገኛል። ከብት ቢቀድም ኖሮ፣ ብዙ ከብት ያለው ብዙ ሣር ይወስድ ነበር፣ ከብት የሌለው ደግሞ እየተመለከተ ይቀር ነበር፤ ማጭድ ሲቀድም ግን ባለሀብቱም ችግረኛውም በአንድ ዕለት፣ በአንድ ማለዳ ይጀምራል፣ አንድ ሰውም የሚያጭደው ሁለት እጁ የቻለውን ያህል ነው። ሀብት ሙሉ በሙሉ ዋጋ አላጣም፤ ብዙ ልጆችና ዘመዶች ያሉት ብዙ ያጭዳል። ቢሆንም በአንድ ተራ ብቻ፣ ያለ መለኪያና ያለ ጸሐፊ፣ ይህን ያህል ፍትሕ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

የውጭው ዓለም ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ነገር ለረጅም ጊዜ ሲጠራጠሩት ኖረዋል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፣ የጋራ ግጦሽ እያንዳንዱ እረኛ ለራሱ ጥቅም ከብት ሲጨምርበት መጥፋቱ የማይቀር ነው ብሎ ጻፈ፤ ብዙ መንግሥታትም ቃሉን እንደ ቀኖና ተቀበሉት። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ማኅበሮች የራሳቸውን ሕግ አውጥተው የጋራ ሀብታቸውን ለዘመናት እንደ ጠበቁ አሳየች፤ በ2009ም በኢኮኖሚ ጥናት የኖቤል ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ካቀረበቻቸው ምሳሌዎች አንዱ የስዊስ ተራራ መንደር ቶርበል ነው፤ በዚያ በ1517 የተደነገገ ደንብ፣ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልባቸው ከሚችላቸው ላሞች በላይ ወደ ተራራው ግጦሽ እንዳይሰድ ይከለክላል። ቶርበል በላሞች ብዛት ገታ፣ መንዝ በጊዜና በተራ ገታ። የትኛው እንደሚሻል አልፈርድም፤ ነገር ግን የላም ቈጠራ ቈጣሪ ይፈልጋል፣ ቆጣሪም ይደለላል።

ሥርዓቱን እወደዋለሁ ስል ግን ነቀፋውን ልሰውር አይገባኝም። ቀሮ የባለርስቶች ሥርዓት ነበር፤ ከአስቦም ከጌራም ያልተወለደ ሰው፣ ጭሰኛም ሆነ እንግዳ፣ በጓሳ ላይ ድርሻ አልነበረውም፣ ሴቶችም በጉባኤው አይቀመጡም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን በሻረ ጊዜ ለነዚህ ሰዎች በሩ ተከፈተ፤ ጽድቅ ነበረበት። ነገር ግን አዋጁ ከባለርስቱ ጋራ ጠባቂውንም ሻረ፤ ጥበቃው ሲላላ ሁሉም በሻው ጊዜ ያጭድና ያሰማራ ጀመር፣ ከአምባውም ጥቂቱ ታረሰ፣ ሣሩም ሳሳ። የወል መሬት ጠባቂ ሲያጣ ወዲያውኑ የማንም ያልሆነ መሬት ይሆናል፤ ሃርዲን የገለጸው በእውነት ይህን ነበር፣ የወል መሬት መስሎት ግን ተሳሳተ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ቀበሌዎች በየራሳቸው ተወካዮች ኮሚቴ አቋቁመው፣ የዘር ሐረግ ሳይጠየቅ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ድርሻ እንዲኖረው አድርገው፣ መዝጋቱንና መክፈቱን በአዲስ መልክ መለሱት፤ ዛሬም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ በሕግ ይታወቃል።

ጐብኚዎች የሚመጡት ለሣሩ አይደለም፤ ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ ነው፣ ይህም ትንሽ ያስቀናኛል። እውነቱን ለመናገር ግን እንስሳቱም የሣሩ ልጆች ናቸው። በመላው ዓለም ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች የሚበሉት አይጥ በሣሩ ውስጥ ይኖራል፤ ጭላዳም ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ በሣር ብቻ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚኖር ብቸኛው ነው። ተመራማሪዎች በጓሳ ያዩትን ልጥቀስ፦ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67 ያህሉ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ያህሉ ብቻ። ጭላዶቹም ቀበሮውን ሳይሸሹት አብረውት ይውላሉ።

ወደ ጓሳ የሚወጡትን ሁሉ ጥቂት ነገር ልቈጣ። ሣሩን በማጭድ እንጂ ከነሥሩ በእጅ አትንቀሉት፤ የተነቀለው ጉብታ በቶሎ አይተካም። ጭላዳን ለፎቶግራፍ ብላችሁ አታባርሩ። ውሻችሁንም ከኋላችሁ አታስከትሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል፣ በሌሎች ተራሮችም ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ከሞላሌ የሚወጣ እረኛ ውሻዬ ያለ እኔ አያድርም የሚል ከሆነ፣ ሄዶ ያስከትበው፣ ከዚያም አስሮ ይተወው።