የነርቭ ሥር መርፌ፦ ከግምት ወደ ምስል

በ1901 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲካርና ካትሊን የተባሉ ሁለት የፓሪስ ሐኪሞች፣ ከጅራት አጥንት በላይ ባለው ቀዳዳ በኩል ኮኬይን ወደ አከርካሪው ቦይ መውጋት እንደሚቻል በየፊናቸው አሳዩ። ሲካር መርፌውን ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር ለሚወርደው ሕመም ተጠቀመበት። መድኃኒቱ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ነገር ግን አልነበረም። ሐኪሙ አጥንቱን በጣቱ ይዳስሳል፣ ይወጋል፣ ሕመምተኛው እስኪናገር ይጠብቃል።

ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ እንኳ በደንብ የታወቀው ከ33 ዓመት በኋላ ነው። በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች፣ ከአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያፈነገጠ ዲስክ የነርቭ ሥርን ሲጫን ሕመሙ እስከ እግር እንደሚወርድ ጻፉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው ስቴሮይድ በነርቭ ሥር አካባቢ ተወጋ። በ1971 ደግሞ የቶሮንቶው ማክናብ መርፌውን ለምርመራም አዋለው፤ አንዱን የነርቭ ሥር ብቻ አደንዝዞ ሕመሙ ከጠፋ፣ ጥፋተኛው ያ ነርቭ ነው ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ግምት አይበቃም። መድኃኒቱ ወደ ጎረቤት ነርቭ ከፈሰሰ መልሱ ውሸት ይሆናል።

እዚህ ላይ ፍሎሮስኮፒ፣ ማለትም ሐኪሙ እየሠራ የሚያየው ራጅ፣ ረዳ። ራጅ ግን አጥንትን እንጂ ነርቭን አያሳይም፤ ሐኪሙ የሚያነጣጥረው ነርቩ በሚወጣበት የአጥንት ቀዳዳ ላይ ነው። ሲቲ ስካን ለስላሳውን አካልም ጭምር አሳየ፤ በጀርመን የነርቭ ሥር መርፌ በሲቲ መሪነት የዘወትር ሥራ እስከ መሆን ደርሷል። የሁለቱም ዕዳ ጨረር ነው፤ በተለይ ወጣት ለሆነና መርፌው ለሚደጋገምበት ሰው።

ኤምአርአይ ያለ ጨረር ነርቩን ራሱን፣ በዙሪያው ያለውን ስብና የተጫነውን ዲስክ ያሳያል። ችግሩ መሣሪያው ጠባብ ዋሻ መሆኑ ነበር፤ ሕመምተኛው ውስጥ ከገባ የሐኪሙ እጅ አይደርስም። በ1994 በቦስተን ብሪገም ሆስፒታል የተተከለው መሣሪያ ይህን በድፍረት ፈታው፦ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የማግኔት ቀለበቶች፣ በመካከላቸው ሐኪሙ የሚቆምበት ክፍተት። የማግኔቱ ኃይል 0.5 ቴስላ ነበር። ሌሎች ደግሞ ከጎን ክፍት የሆኑ፣ 0.2 ቴስላ ገደማ ያላቸው መሣሪያዎችን ያዙ። የፊንላንዷ የኦውሉ ከተማ ሐኪሞች በ2002 ባሳተሙት ሥራ የነርቭ ሥር መርፌን በ0.23 ቴስላ መሣሪያ ውስጥ፣ የመርፌውን አቅጣጫ በካሜራ እየተከታተሉ ሠርተውታል።

መርፌው ራሱ ብዙ አስቸግሯል። ተራው የብረት መርፌ በማግኔት ይሳባል፤ ስለዚህ ቲታኒየም ወይም የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ተተካ። ያም ቢሆን በምስሉ ላይ ከእውነተኛ ውፍረቱ የሰፋ ጥቁር ጥላ ይጥላል። መርፌው ከማግኔቱ መስክ ጋር ሲስተካከል ጥላው ይቀጥናል፣ ሲያቋርጠው ይወፍራል፤ ማግኔቱ በበረታ ቁጥርም ይብሳል። ጥሩ ምስል የሚሰጠው ብርቱ ማግኔት የመርፌውን ጫፍ ይሸፍናል፤ ጫፉን የሚያሳየው ደካማ ማግኔት ደግሞ ምስሉ ሻካራ ነው። የቀሩት ዓመታት ታሪክ በአብዛኛው በዚህ መካከል መዋለል ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በ2004 የ1.5 ቴስላ ኃይልና 70 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ዋሻ ሲመጣ እንደ ባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ሆስፒታሎች ወደ ብርቱው አዘነበሉ፤ የበርሊኑ ሻሪቴ በ1.0 ቴስላ ክፍት መሣሪያ መካከሉን ያዘ። በ2020 ሲመንስ ያስተዋወቀው መሣሪያ ደግሞ ወደ 0.55 ቴስላ ዝቅ ብሎ ዋሻውን 80 ሴንቲሜትር አደረሰው። ሃያ ዓመት ሙሉ ማግኔት ማጠንከር እድገት ሲባል ቆይቶ፣ ለመርፌ ሥራ የተመቸው ወደ ኋላ መመለስ ሆነ።

እንግዲህ መርፌው ዒላማውን መታ እንበል። መድኃኒቱስ? በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቀዶ ሕክምና የታሰበላቸውን 55 ሰዎች ተከታተለ፤ ማደንዘዣ ከስቴሮይድ ጋር ከተወጉት 28 ሰዎች 20ው ቀዶ ሕክምናውን ሲተዉት፣ ማደንዘዣ ብቻ ከተወጉት 27 ሰዎች የተዉት 9 ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ከዚያችው ከኦውሉ የወጣው የ160 ሰዎች ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ፦ ስቴሮይድ የተወጉት በሁለተኛው ሳምንት የእግር ሕመማቸው ቀለል አለ፤ በስድስተኛው ወር ግን ጨዋማ ውሃ ብቻ የተወጉት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እኔ ከሁለቱ የኦውሉን አብልጬ አምናለሁ። መርፌው ፋታ ይሰጣል፤ በዚያ ፋታ ውስጥ ዲስኩ በራሱ ጊዜ ይሟሽሻል፣ ሰውም መራመድ ይጀምራል። የትኛውም ማግኔት ይህን አይለውጠውም።

ስለ አደጋም ቢሆን ኤምአርአይ ሁሉን አይመልስም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2014 ስቴሮይድ በአከርካሪ አካባቢ ሲወጋ አልፎ አልፎ ሽባነት፣ ዓይነ ስውርነትና ሞት ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቋል። በተለይ በአንገት ላይ የሚፈራው፣ ደቃቅ ቅንጣት ያለው ስቴሮይድ ወደ ደም ቅዳ ገብቶ ወደ ህብለ ሰረሰር ወይም ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም እንዳይዘጋ ነው። ከመድኃኒቱ በፊት የሚወጋው ማቅለሚያ በደም ሥር ሲሮጥ በቅጽበት የሚያሳየው ግን የናቅነው ፍሎሮስኮፒ ነው፤ ኤምአርአይ ለዚህ ቀርፋፋ ነው። የጨረሩ ክርክርም ቢሆን የሲቲ ባለሙያዎች መጠኑን በእጅጉ ከቀነሱት ወዲህ እንደ ድሮው አይከብድም።

ኤምአርአይ ቦታውን የሚያገኘው መርፌው በሚደጋገምባቸው ወጣቶች፣ አዮዲን ያለው ማቅለሚያ በማይስማማቸው ሰዎችና አጥንቱ በቀድሞ ቀዶ ሕክምና በተዘባረቀባቸው ወገቦች ላይ ነው። የኤምአርአይ መሣሪያ ጥቂት በሆነበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ ምርመራ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፎ እያለ መሣሪያውን ለአንድ መርፌ መያዝ ቅንጦት ነው፤ በአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው ተንቀሳቃሽ ራጅና የሰለጠነ እጅ ለአብዛኛው የወገብ ነርቭ ይበቃሉ።