ሮኬት የሚፈተነው መሬት ላይ ነው

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ከቻይናው የታይዩዋን ማምጠቂያ ጣቢያ ስትነሣ የሁላችንም ዓይን በእሷ ላይ ነበር። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነችውን ሳተላይት ከመሬት ያላቀቃት ግን ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው ባለ ሦስት እርከን ሮኬት ነው። እርከን የራሱ የነዳጅ ታንክና የራሱ ሞተር ያለው የሮኬቱ ክፍል ነው፤ ነዳጁን ሲጨርስ ተላቆ ይወድቅና ቀጣዩ እርከን የቀለለውን ሸክም ይዞ ሽቅብ ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ግዙፍ አካል እንዴት እንደሚሠራ በአገራችን ብዙም አይወራም። ሊወራ ይገባል፤ ምክንያቱም የእርከኑ አስተማማኝነት የሚለካው መሬት ላይ ሳለ ባለፈበት ሙከራ ነው፤ እኛም ከህዋው ዘርፍ ሁሉ አስቀድመን ልንይዘው የሚገባን ይህንኑ የመፈተን ችሎታ ነው።

ናሳ ሰዎችን ወደ ጨረቃ ለመመለስ ያሠራውን የኤስኤልኤስ ሮኬት ዋና እርከን እንመልከት። ቦይንግ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በሚገኘው የሚሹ ፋብሪካ የሠራው ይህ እርከን ቁመቱ 65 ሜትር፣ የጎኑ ስፋት 8.4 ሜትር ያህል ነው። አንደኛው ታንኩ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የቀዘቀዘ 2 ሚሊዮን ሊትር ያህል ፈሳሽ ሃይድሮጂን ይይዛል፤ ሌላኛው ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ኦክስጅን ይይዛል። የታንኮቹ አሉሚኒየም የሚበየደው ቀልጦ አይደለም። የሚሽከረከር ፒን በሁለቱ ጠርዞች መካከል እየተጫነ ይሄዳል፤ በሰበቃው ሙቀት ብረቱ ይለሰልስና አንዱ ከሌላው ጋር ይዋሃዳል። በአንድ ወቅት ይህ ፒን ሲለወጥ ብየዳው የሚፈለገው ጥንካሬ ሳይኖረው ተገኘ፤ ተሠርቶ የነበረ አንድ የሃይድሮጂን ታንክም ለበረራ አልዋለም። በዓይን የማይለይ ልዩነት ነው፤ ያጋለጠው መለኪያ ነው። ኅዳር 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ መሐንዲሶች በአላባማው የማርሻል ማእከል ለሙከራ ብቻ የተሠራ ተመሳሳይ ታንክ ወስደው ሆን ብለው ሰበሩት። በበረራ ላይ ይገጥመዋል ከተባለው ጫና ከ260 በመቶ በላይ ለ5 ሰዓታት ያህል ተሸክሞ ከቆየ በኋላ ጎበጠ፣ ተቀደደም። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበትን ታንክ መስበር ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ታንኩ የት ላይ፣ በምን ያህል ጫና እንደሚሸነፍ የሚያውቅ ሰው በግምት አይሠራም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ፈተና መጣ። የተጠናቀቀው እርከን በጀልባ ወደ ሚሲሲፒው የስቴኒስ ማእከል ተወስዶ ከግዙፍ ማማ ጋር ታሰረ፤ ጥር 8 ቀን 2013 ዓ.ም. አራቱም ሞተሮች በአንድነት ተለኮሱ። 8 ደቂቃ ያህል ይነድዳሉ የተባሉት ሞተሮች በ67ኛው ሰከንድ ላይ ጠፉ። ኮምፒዩተሩ ያጠፋቸው የአንዱን ሞተር አቅጣጫ የሚያዞረው የሃይድሮሊክ ሥርዓት ከተቀመጠለት ገደብ በማለፉ ነው፤ ገደቡ ሆን ተብሎ ጠበቅ የተደረገ ነበር። ብዙዎች ከሽፏል አሉ። መሐንዲሶቹ ግን ውሂቡን መርምረው መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ደገሙት፤ ሞተሮቹ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ነደዱ። ሙከራው ሁሉን አልያዘም፤ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ላይ ሮኬቱ ሊነሣ ሁለት ጊዜ ታስቦ ቀርቷል፣ በሁለተኛውም የሃይድሮጂን መፍሰስ ነበረበት። ኅዳር 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲነሣ ግን እርከኑ ሥራውን በሚገባ ፈጸመ።

ለእኛ የቀረበ ማስረጃም አለ። ሁለተኛዋ ሳተላይታችን ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዌንቻንግ የመጠቀችው ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ በርሮ በማያውቀው ሎንግ ማርች 8 ላይ ነው። የአገርን ንብረት ባልተሞከረ ሮኬት ላይ መጫን ድፍረት ይመስላል። ሮኬቱ ግን ሙሉ በሙሉ አዲስ አልነበረም፤ የመጀመሪያው እርከን ከሎንግ ማርች 7፣ ሁለተኛው ከሎንግ ማርች 3 ቤተሰብ የተወሰዱ ነበሩ፤ ሁለቱም በበረራ ተፈትነዋል። ሳተላይታችን በሰላም ምህዋሯ ላይ የደረሰችው በዚያ በተጠራቀመ ፈተና ትከሻ ነው።

እዚህ ላይ ስፔስኤክስን የሚያነሣ ይኖራል፤ እነሱ እያበረሩ ያፈነዳሉ፣ ካፈነዱት ይማራሉ፣ ይፈጥናሉም። እውነት ነው፤ ሚያዝያ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሉ ስታርሺፕ ከተነሣ ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ ፈንድቷል፣ ኩባንያውም ቀጠለ። ይህ ግን ሙከራን መተው አይደለም፤ የሙከራውን ቦታ ሰማይ ላይ ማድረግ ነው። የጠፋውን የሚተካ ሌላ ሮኬት በጓሮው ያለው ይችለዋል። አንዲት ሳተላይት በብዙ ልመናና ትብብር ለሚያስመጥቅ አገር ግን መሬት ላይ ያልተገኘ ጉድለት ዳግም አይገኝም።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ የሚነሣው ነው። የበልግ ዝናብ ሲቀርበት ገብሱን የሚያጣው የመንዝ ገበሬ ስለ ሮኬት ምን ገዶት? ጥያቄው ተገቢ ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተሠራችው ግን ለግብርናና ለአካባቢ ጥበቃ መረጃ እንድትሰበስብ ነው። ምስሏ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ መሬት ላይ በየጎኑ 13.7 ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥማድ የገብስ ማሳ 13 ነጥብ ያህል ይሆናል። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው፣ የመንዝ ሰው ቄሮ በተባለው ባህላዊ ሥርዓት ለዘመናት እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው የጓሳ ሣር ምድር ደግሞ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ይወጣዋል። ሣሩ የት እንደሳሳ፣ ገብሱ የት እንደጠወለገ ከዚያ ይለያል። መረጃው ወረዳው ድረስ በጊዜ ካልደረሰ ግን ገበሬው ልክ ነው፤ የዚህ ክፍተት ተጠያቂው ሮኬቱ ሳይሆን መሬት ላይ ያለው አሠራራችን ነው።

ከፍታው ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው፣ ለምድር ወገብ የቀረበው የመንዝ ደጋችን ራሱ ማምጠቂያ ይሁን የሚል ሐሳብም ሊመጣ ይችላል። ምኞቱ ያስደስታል፤ ነገር ግን ሮኬት በአብዛኛው የሚተኮሰው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከመንዝ ገደል በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ደግሞ ሰውና ከብት የሚኖርበት የአፋር ምድር ነው። የተላቀቀ እርከን እዚያ ሊወድቅ አይገባም። 8.4 ሜትር የሚሰፋ አካልም በጣርማ በር መንገድ አይወጣም፤ ትልልቆቹ እርከኖች በውኃ የሚጓጓዙት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የሚቻለው ከዚህ ያነሰ ነው። ሳተላይትን በሮኬት መነሣት ጊዜ እንደሚገጥማት የሚያንቀጠቅጥ ጠረጴዛ፣ አየሩ ተመጥጦ ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚፈራረቅበት ክፍል፣ ውጤቱን የሚመዘግቡ የሠለጠኑ እጆች። እንዲህ ያለ ክፍል ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢቆም የውኃ ፓምፕና የሕክምና መሣሪያም ይፈተንበታል። ከቦንጋ ተነሥተው፣ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው በአሜሪካ የህዋ ምህንድስና ውስጥ የሠሩት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ችሎታው ከእኛም እንደሚወጣ አሳይተዋል፤ የሚሠሩበት ቦታ ግን አገር ቤት አልነበረም። ሦስተኛዋ ሳተላይት ስትታሰብ በጀቱ ቢጠብ እንኳ ሊነካ የማይገባው መስመር የሙከራው ነው።