አዲስ የተገዛች ላም ወተቷን የምትይዘው ለምንድን ነው? ከአዲሱ ቤቷ ጋር እንድትላመድስ ምን ይደረግ?

የወተት ላም መግዛት በኩየራና በአካባቢዋ ለሚኖር ቤተሰብ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዚህች የምዕራብ አርሲ ከተማ፣ በግቢያቸው አንድ ወይም ሁለት ላም ይዘው ወተት ለጎረቤትና ለሻይ ቤት የሚያቀርቡ ቤተሰቦች ለአንዲት ዲቃላ ላም የሚያወጡት ገንዘብ የዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ዕጣ ወይም ብድር ነው። ላሟ ግቢ ከገባች በኋላ ግን ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር ያጋጥማል። በሻጩ ቤት ባልዲ ስትሞላ የታየችው ላም በአዲሱ ቤቷ የዚያን ግማሽ እንኳ ላትሰጥ ትችላለች። ትራገጣለች፤ መኖዋን ትታ ጥግ ይዛ ትቆማለች፤ ሰው ሲቀርባት ገመዷን ትወጥራለች።

በዚህ ጊዜ ገዢው ተታለልሁ ብሎ ሻጩን ይወቅሳል፤ አለዚያም አመለኛ ናት ብሎ ላሟን በዱላ ሊገራት ይሞክራል። በከብት ገበያ ማታለል የለም አይባልም። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሚታየው የወተት መቀነስ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ በዱላ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ወተት የሚያዘው እንዴት ነው?

በላም ግት ውስጥ የተጠራቀመ ወተት በእጅ ስለተጎተተ ብቻ ሁሉም አይወርድም። ላሟ ጥጃዋን ስታይ፣ ግቷ ሲታጠብና ሲታሽ ወይም የለመደችውን የባልዲ ድምፅ ስትሰማ፣ በአንጎሏ ሥር ከሚገኝ ዕጢ ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ወደ ደሟ ይለቀቃል። ሆርሞኑ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ግቷ ደርሶ ወተት የቋጠሩትን ጥቃቅን ከረጢቶች ይጨምቃል፤ ወተቱም ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ኃይል የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ግቷ ከታጠበ በኋላ ሳይዘገዩ ማለብ፣ ከተጀመረም ሳያቋርጡ መጨረስ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ላሟ ከፈራች ይህ ሂደት ይሰናከላል። በማታውቀው ስፍራ ስትታለብ ኦክሲቶሲኑ በበቂ መጠን ላይለቀቅ ይችላል። በድንጋጤ ጊዜ የሚመነጨው አድሬናሊንም የተለቀቀውን ሆርሞን ሥራ ያዳክማል። ወተቱ አለ፤ ግን አይወርድም። ባለቤቱም "ላም አለኝ በሰማይ" እንደሚባለው ይሆናል። ችግሩ በዚያ ቀን ብቻ አያበቃም። በግት ውስጥ ደጋግሞ የሚቀር ወተት ላሟ የምታመርተውን መጠን እያሳነሰ ይሄዳል።

የአላቢው ጠባይ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የካናዳና የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ላሞቹ ቀደም ሲል በክፉ የያዛቸው ሰው በሚታለቡበት ጊዜ አጠገባቸው ሲቆም፣ በግታቸው የሚቀረው ወተት በ70 በመቶ ጨምሯል። ሰውየው በዚያ ሰዓት አልመታቸውም፤ መቆሙ ብቻ በቂ ነበር።

የአርሲ ደምና የጥጃ ጉዳይ

በአርሲ ምድር የዲቃላ ላም ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር አሰላን ማዕከል አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በብዙዎች ዘንድ ካዱ በሚለው ስሙ የሚታወቀው፣ የአካባቢውን የአርሲ ከብት ከፍሪዥያን ዝርያ ጋር እያዳቀለ ጊደሮችን ለገበሬዎች ያከፋፍል ነበር። የአርሲ ላም ትንሽና ጠንካራ ናት፤ ወተቷ ግን ጥቂት ነው። ፍሪዥያኗ ብዙ ትታለባለች፤ ነገር ግን መኖ፣ ውሃና ጥንቃቄ ትሻለች። ዲቃላዋ ከሁለቱም ትወርሳለች።

ከአገሬው ወገን ከምትወርሰው አንዱ የጥጃ ፍቅር ነው። የአገራችን ላሞች ጥጃቸው ቀርቦ ካልጠባ ወተት የማውረድ ልማዳቸው ደካማ ነው። የአገሬው ደም የሚበዛባት ዲቃላም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናት። ስለዚህ የምትታለብ ላም የሚገዛ ሰው በተቻለ መጠን ከነጥጃዋ ቢገዛ፣ በሚታለብበት ጊዜም ጥጃዋን ከፊቷ፣ ልትልሰው በምትችልበት ቦታ ቢያስር ይጠቅመዋል። ጥጃው ለብቻው የተሸጠ ከሆነ ገዢው ላሟ ያለ ጥጃ መታለብ መልመዷን አስቀድሞ በዓይኑ ማየት አለበት።

የመጀመሪያው ቀን

ከብት በጭነት መኪና ስትጓጓዝ ትጠማለች፤ ሚዛኗን ለመጠበቅ ስትታገል ትደክማለች፤ ከምታውቃቸው ከብቶችም ትለያለች። በመሆኑም አዲሱ ግቢ ስትደርስ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ንጹሕ ውሃ፣ ድርቆሽና ጸጥታ ነው። የምትታለብ ላም ለምትሰጠው ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል። የውሃው ሽታ ስላልለመደችው አፍንጫዋን አስጠግታ ልትመለስ ትችላለች፤ ባልዲውን አጠገቧ ትቶ መራቅ ይበጃል።

ላም ስትገዛ ጎረቤት ተሰብስቦ ማየቱና መመረቁ የተለመደ ነው። በሌላ በኩል "ዓይን ይበላታል" ብለው አዲስ ከብት ለእንግዳ የማያሳዩ ብዙዎች ናቸው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው አለማብዛት ለላሟ ዕረፍት ይሰጣታል። ውሻን ማሰር፣ ሕፃናት በረት ውስጥ እንዳይሯሯጡ ማድረግ፣ በረቱ መንገድ ዳር ከሆነም ከመኪናና ከባጃጅ ጥሩንባ በተቻለ መጠን መከለል ተገቢ ነው። ላም ከሰው ይልቅ ቀጭን ድምፅ ትሰማለች፤ ፉጨትና የብረት ኳኳታ ያስደነግጧታል።

መኖን በአንድ ጊዜ አለመቀየር

በላም ትልቁ ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉ እጅግ ብዙ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ለለመዱት መኖ የተስማሙ ስለሆኑ ከአዲሱ ጋር ለመስማማት ጊዜ ይፈልጋሉ። በሻጩ ቤት ድርቆሽ ስትበላ የቆየች ላም ኩየራ ስትደርስ በድንገት የስንዴ ጭድና ብዙ ፉርሽካ ቢቀርብላት፣ ምግቡ ሆዷን ሊያውክ፣ ሊያስቀምጣት ወይም ሊነፋት ይችላል። ወተት ይጨምራል በሚል ተስፋ በመጀመሪያው ቀን ፉርሽካና ፋጉሎ ማብዛትም ጉዳቱ ያመዝናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ገዢው ላሟ ምን ትበላ እንደነበር ሻጩን ጠይቆ ከዚያው መኖ ለጥቂት ቀናት የሚሆን ይዞ መምጣት፣ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናትም አዲሱን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ አሮጌውን እየቀነሱ መሄድ ነው። አሞሌ ጨው አጠገቧ ማኖርም ይረዳል።

ርቀትን ማክበር

የላም ዓይኖች በራሷ ግራና ቀኝ ስለሚገኙ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች፤ ልክ ከኋላዋ ያለውን ግን አታይም። ከፊቷ ያለውን ርቀት ለመገመትም ራሷን ዝቅ አድርጋ ማጤን አለባት። ስለዚህ ጥላ፣ ጉድጓድ ወይም በንፋስ የሚውለበለብ ፌስታል ሲገጥማት ትቆማለች። ይህ እልኸኝነት ሳይሆን ማጣራት ነው፤ ጊዜ ከተሰጣት አሽትታ ታልፋለች።

እያንዳንዷ ላም ሰው ሲጠጋት መሸሽ የምትጀምርበት ርቀት አላት። የመተማመን ሥራ ማለት ይህን ርቀት ቀን በቀን ማሳጠር ነው። ተንከባካቢው ከኋላ ሳይሆን ከጎን፣ ወደ ትከሻዋ በኩል፣ ዝግ ባለ እርምጃና ለስላሳ ድምፅ እያሰማ ይቀርባል። ራሷን ቀና አድርጋ ጆሮዋን ካቆመች ይቆማል፤ ከተጨነቀች አንድ እርምጃ ይመለሳል። ስትረጋጋ እንደገና ይቀጥላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት መኖ አቅርቦ አጠገቧ መቆም ብቻ ይበቃል። ከዚያም ከእጅ ማብላት፣ ቀጥሎ መዳሰስ ይከተላል።

የሚዳሰስበት ቦታም ልዩነት አለው። ከብቶች እርስ በርስ ሲላላሱ የሚመርጡት አንገትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የአንገታቸው ሥር የታሸላቸው ላሞች አንገታቸውን ዘርግተውና ጆሯቸውን ጥለው የመዝናናት ምልክት አሳይተዋል። በጧትና በማታ ለጥቂት ደቂቃ የአንገቷን ሥር ማከክ ወጪ የሌለው ሥራ ነው። ግቷን መንካት የሚመጣው ይህን ከለመደች በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የምትታለብ ላም ግን ሳትታለብ ማደር ስለሌለባት፣ እርሷን የሚያልበው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ የረጋ ሰው፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ሊሆን ይገባል። ላሞች ሰውን በፊቱና በልብሱ ለይተው ስለሚያውቁ፣ አላቢው በየቀኑ ያንኑ የሥራ ልብስ ቢለብስ ልምምዱ ይፈጥናል።

ከነባር ከብቶች ጋር

በበረቱ ሌላ ከብት ካለ አዲሷን ወዲያው መቀላቀል ሁለት አደጋ አለው። አንደኛው በሽታ ነው። አዲሷ ላም ምልክቱ ያልታየ በሽታ ይዛ ልትመጣ ስለምትችል፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት በማይነካኩበት ርቀት፣ በተለየ ገንዳና ባልዲ መያዝ ያስፈልጋል። ከተቻለ ነባሮቹን ልታያቸው ብትችል ጥሩ ነው፤ ብቸኝነት ለከብት ራሱን የቻለ ጭንቀት ነውና። ሁለተኛው ጠብ ነው። ከብቶች በመካከላቸው ማዕረግ አላቸው፤ አዲስ ስትመጣ በመገፋፋት ደረጃ ያበጃሉ። ቅልቅሉ በቀን ብርሃን፣ ሁሉም ከበሉ በኋላና ሰፋ ባለ ግቢ ከተደረገ፣ ግፊያው አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይበርዳል።

ፍርሃት ነው ወይስ በሽታ?

ሁሉም ነገር ፍርሃት ነው ብሎ መተውም ያስከፍላል። የጉዞ ድካም የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ጎሮርሳን የመሰለ በሽታ ከጉዞ በኋላ ሊነሳ ይችላል። የፈራች ላም ሰው ሲርቅላት ትበላለች፤ ትተኛለች፤ ታመሰኳለች። የታመመች ግን ብቻዋን ስትሆንም አትበላም፤ ማመስኳት ታቆማለች። የጤናማ ላም የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሳል፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ የጉሮሮ እብጠት፣ የአፍ ለሃጭ፣ ያበጠና የሚያቃጥል ግት ወይም ደም የቀላቀለ ወተት ሲታይ ሳይዘገዩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ግድ ነው። ወተት እንዲወርድ ተብሎ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ላሟን በመርፌ መውጋትም ተገቢ አይደለም።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቅ

ልምምዱ የሚጀምረው ከግዢው በፊት ነው። ገዢው በሻጩ ቤት ላሟ ጧትና ማታ ስትታለብ ቢመለከት፣ መጠኑን ቢጽፍ፣ ማን በየት በኩል ተቀምጦ እንደሚያልባት ቢያስተውል፣ በኋላ ለሚነሳ ጥርጣሬ ማመሳከሪያ ያገኛል። በቤቱም የየቀኑን ወተት መመዝገብ ይኖርበታል። ቁጥሩ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እየጨመረ ከመጣ ጉዳዩ የመላመድ ነበር ማለት ነው። ካልጨመረ ግን ሻጩንም ሆነ ባለሙያውን በማስረጃ ማነጋገር ይቻላል።

አርቢዎች ለላሞቻቸው እንደ ዳለቻና ቦቃ ያሉ ስሞች ያወጣሉ፤ እየጠሩም ያልባሉ። የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ516 አርቢዎች መረጃ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ላሞቻቸውን በስም የሚጠሩ አርቢዎች በዓመት ከአንዲት ላም በአማካይ 258 ሊትር ብልጫ ያለው ወተት አግኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን የሰጡት ለስሙ ሳይሆን፣ ላሞቹን በስም የሚጠራ ሰው ለእያንዳንዷ ለሚሰጠው ትኩረት ነው። ላም የሚገዛ ሰውም ሻጩን ስለ ዕድሜዋና ስለ ወተቷ ሲጠይቅ ስሟንም አብሮ ቢጠይቅ መልካም ነው። በአዲሱ ግቢ፣ በመጀመሪያው ሌሊት፣ ላሟ የምታውቀው ነገር ያ ስም ብቻ ሊሆን ይችላል።