ለስኳር ሕመምተኛው ቡና ምን ይጨመርለት?

ከቤተሰባችሁ አንዱ፣ ወይም እናንተው ራሳችሁ፣ የስኳር በሽታ እንዳለባችሁ ከሐኪም የተነገራችሁ ዕለት መጀመሪያ ከሚያሳስቧችሁ ነገሮች አንዱ ቡናና ሻይ ነው። ስኳር ከቀረ በምን ይጠጣ? በዚህ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ መካሪ ይሆናል። “ማር አድርጊለት እንጂ፣ ማር እኮ መድኃኒት ነው!” የምትል አትጠፋም።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ምክር አትቀበሉ። ከ100 ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። ቡናማው ስኳርም ቢሆን ደም ውስጥ ከገባ ከነጩ አይለይም። አቦል፣ ቶናና በረካ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር እየተደረገበት ቢጠጣ 24 ግራም ያህል ይሆናል፤ በማር መለወጡ ሕመምተኛውን አያድነውም።

የደም ስኳርን ከፍ ሳያደርጉ የሚያጣፍጡ ምትኮች ግን አሉ። አንጋፋው በ1879 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሳካሪን ነው። ከስኳር 300 እጥፍ ያህል ስለሚጣፍጥ ትንሿ እንክብል ለአንድ ስኒ ትበቃለች፤ ነቀፌታው ምላስ ላይ የምሬት ጣዕም መተዉ ነው። አስፓርቴም ጣዕሙ ወደ ስኳር ይቀርባል፤ ይሁንና ሲፈላ ጣፋጭነቱ ስለሚቀንስ ሻዩ ከተቀዳ በኋላ ይጨመር። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው፣ ከወላጆች የሚወረስ ሕመም ያለበት ሰው ግን አስፓርቴም አይወስድም። ስቴቪያ ከደቡብ አሜሪካ ተክል ቅጠል የሚወጣ ነው። በዱቄት መልክ የሚሸጡትን ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ዴክስትሮስ የሚል ካለበት እሱው ራሱ ስኳር ነው።

እንክብሏን ጨምረናል ብላችሁ ከቡናው ጋር የሚቀርበውን ዳቦ ያለ ልክ ብትቆርሱ ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ዳቦውም ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣልና። እኛን የሚጠይቀን ቢኖር፣ ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ምላስን ማስለመድ ከሁሉም ይሻላል እንላለን። ወጪም የለው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልብ ልትሉት ወደሚገባው ነገር እንምጣ። ስኳሩን ጨርሳችሁ ከቤት አታስወጡ! ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር እንክብሎችን የሚውጥ ሰው ምግብ ሲያልፈው የደሙ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል። ያን ጊዜ ሳካሪን ቢሰጡት አንዳች አይረዳውም። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ እውነተኛ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ያ የከለከልነው ማር እንኳ አንድ የሾርባ ማንኪያ በዚህ ሰዓት ይጠቅማል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትጨምሩ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ስለዚህ የስኳሩንና የምትኩን ዕቃ ለዩ፤ በላያቸውም ጻፉባቸው። እናንተ ሥራ ስትውሉ ቤት የሚቀሩት ልጆችና የቤት ሠራተኛዋ የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይናቸው አይተው ይወቁ።