የስፖርት መኪና ፓራውልት በቤት ሲለወጥ

ከዋሽንግተን ከተማ ወንዝ ማዶ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ፣ በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቀይ ትንሽ የስፖርት መኪና ቆማለች። አፍንጫዋ ተሰንጥቋል። ባለቤቷ ወጣት ነው፤ ዝናብ ባራሰው መንገድ ላይ ፍሬን ቢይዝ መኪናው አልቆም ብሎት ከፊቱ ያለውን ገጨ። ሰው አልተጎዳም። ወጣቱም ያገለገለ ፓራውልት ገዝቶ፣ ለጋራዥ የሚከፍለውን ገንዘብ ለማትረፍ በቤቱ ሊለውጠው ተነሣ። በጕብዝናቸው ዘመን በአዲስ አበባ መካኒክ የነበሩት አጎቱም ወንበር አስወጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ እስከ ማታ እንጨርሰው ይሆን?» ሲል ጠየቃቸው።

«መፍታቱንስ እስከ ምሳ እንፈታዋለን» አሉት። «መጨረሱን ግን ውስጡን ሳላይ አልነግርህም።»

አንባቢያችን ይህን ቃል በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር በዚሁ ላይ ነውና።

ይህች መኪና ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የምትባለው፣ በአሜሪካ ሚያታ በሚል ስም የታወቀችው ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንደዚሁ ናቸው) በ1989 በቺካጎ የአውቶሞቢል ትርኢት ለሕዝብ ታየች። የምትሠራው በጃፓን አገር በሂሮሺማ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ጣራዋ ይታጠፋል፤ መጀመሪያ ስትወጣ ክብደቷ አንድ ሺህ ኪሎ አይሞላም ነበር። የፊት መብራቶቿም ሲፈለጉ ብቅ፣ ሲጠፉ ስልም ይላሉ። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታ ወጣች። ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ ዛሬም በወጣቶች እጅ ይገኛሉ።

ልብስና አጥንት

ፓራውልት የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ግጭት የሚከላከል ማለት ነው። ፓራፋንጎም፣ ቡሎንም፣ ካቻቢቴም በዚያው በጋራዥ በር ወደ ቋንቋችን ገቡ። ቀድሞ ፓራውልት እንደ መስታወት የሚያበራ ብረት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ግን ከ1973 ሞዴል ጀምሮ፣ በሰዓት 5 ማይል ማለት 8 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ በፊቱ ከግንብ ጋር የተጋጨ መኪና መብራቱና የመሳሰለው የደኅንነት ክፍሉ እንዳይሰበር የሚያዝ ደንብ አወጣ። ስለዚህም ኤም ጂ ቢ የተባለችው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና በ1974 የሚያብረቀርቀውን ፓራውልቷን ጥላ ጥቁር ጎማ መሰል አፍንጫ ለበሰች። ደንቡ በ1982 ወደ 2 ማይል ተኩል ዝቅ ቢልም፣ ፓራውልት ዳግመኛ ወደ ጌጥነቱ አልተመለሰም።

በዛሬ መኪኖች ላይ ከውጭ የሚታየው ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ልብስ ብቻ ነው። ግጭቱን የሚችለው ከጀርባው ያለው አግዳሚ ነው፤ ይህም እንደ መኪናው ዓይነት ብረት፣ አሉሚኒየም ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናል። በብዙ መኪኖች ላይ በሁለቱ መካከል እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር ይገባል። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» እንደሚባለው፣ ልብሱ ቢያምርም አጥንቱ የተሰበረ ሊሆን ይችላል።

ሥራው

ወጣቱ ካቻቢቴውን ይዞ ሲቻኰል፣ አጎቱ «ቈይ እንጂ፤ ለሁሉም ተራ አለው» ብለው ከለከሉት። አስቀድሞ መኪናዋ በደልዳላ ስፍራ ቆማ የእጅ ፍሬኗ ተያዘ፤ ከጎማዋም ሥር ድጋፍ ተደረገ። ቀጥሎ መብራቶቿን ብቅ አደረገ። ምክንያቱም ከመብራቶቹ ሥር የሚፈቱ ቡሎኖች ስላሉ ነው። ከዚያ በኋላ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታ፤ የዚህች መኪና ባትሪ ያለው ከኋላ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ባትሪው ከተፈታ መብራቶቹ በድንገት ተከድነው እጅ አይቀጠቅጡም። ኤርባግ ላላቸው መኪኖችም የአምራቹ መጽሐፍ የሚያዘውን ያህል ደቂቃ ሳይቈዩ የፊቱን ክፍል መንካት አይገባም።

ቀጥሎ ከሥር ያለው መሸፈኛ፣ ከዚያም በጎማው ጕድጓድ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ተፈታ። ፓራውልቱን ከፓራፋንጎው ጋር የሚይዙት ቡሎኖች በዚያ ጥግ ተሸሽገዋል። የዛጉትን ዋዜማውን ዘይት ረጭተዋቸው ስለ ነበር ሳይሰበሩ ወጡ። ቁመታቸው አንድ ስላልሆነም ወጣቱ የእያንዳንዱን ስፍራ በወረቀት እየጻፈ በየቆርቆሮው ለየ። የፍሬቻው ገመድ ተነቀለ። በመጨረሻም ሁለቱ በግራና በቀኝ ይዘው በቀስታ ወደ ፊት ሳቡት፤ ብርድ ልብስ ላይም አጋደሙት።

ሽማግሌው ተንበርክከው ከልብሱ ጀርባ ያለውን አግዳሚ በጣታቸው ዳበሱ። ከማሰሪያው አጠገብ ተሰንጥቋል።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ከውጭ አይታይም። አዲሱን ልብስ ብናለብሰውስ?»

«አይታይም። ሁለተኛ ስትጋጭ ግን ይታያል፤ ያን ጊዜ ግን አይተህ የምታደርገው ነገር የለም። ልብሱን በልብስ ለውጥ፤ አጥንቱንም በአጥንት ለውጥ።»

ወጣቱ ፊቱ ጠቈረ። እሑድ ከወዳጆቹ ጋር ለሽርሽር ሊሄድባት አስቦ ነበርና። ሆኖም አልተከራከረም፤ ሌላ አግዳሚ ተፈልጎ እስኪገኝ መኪናዋ አንድ ሳምንት አፍንጫ የሌላት ሆና ቆመች።

በዚያ ሳምንት የተገዛው ፓራውልት ወደ ቀለም ቀቢ ተላከ፤ የእርሱ ቀይ ከመኪናዋ ቀይ ጋር አልገጠመምና። ይህን ክፍል በቤት አለመሞከር ይሻላል። ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት የመኪና ቀለም ኢሶሳያኔት የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ ሲረጭ ያለ ተገቢ የመተንፈሻ ጭምብል ቢተነፍሱት ሳንባን ይጎዳል፣ አስምም ያመጣል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሥራው ቀላል ሆነ። ቡሎኖቹ ሁሉ በእጅ ብቻ ገቡ፤ አንዱም አልጠበቀም። ኮፈኑ ተዘግቶ በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት እኩል መሆኑ ታየ። መብራቶቹም በእጅ ማዞሪያቸው ወጥተው ሲገቡ ምንም እንደማይነኩ ታየ። ከዚህ በኋላ ብቻ ቡሎኖቹ በየተራ ጠበቁ። አንዱን ጥግ አስቀድሞ ያጠበቀ ሰው ሌላው ጥግ አልገጥም ሲለው ይውላል። ባትሪው ታስሮ ሞተሩ ሲነሣም ፍሬቻው ሠራ፤ የኤርባጉም ምልክት በርቶ ጠፋ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሥራ በቤትህ ልትሠራ ብታስብ አትፍራ፤ መፍቻ፣ ብርድ ልብስና አንድ ረዳት ይበቁሃል። መኪናህ አዲስ ሆኖ በአፍንጫው ውስጥ ራዳር ወይም ካሜራ ካለው ግን፣ ከለወጥህ በኋላ መሣሪያው ባለበት ጋራዥ ማስተካከል ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን ልብሱን ባወለቅህ ጊዜ ጐንበስ ብለህ አጥንቱን ተመልከት። የተሰነጠቀ ብታገኝ ከአንተ በቀር ያየው የለም፤ ሥራውም የሚፈተነው በዚያች ሰዓት ነው።

ወጣቱ መኪናዋን አስነሥቶ «ጋሼ፣ ይግቡ» አላቸው። ሽማግሌውም እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ገቡ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት።