ከጥዱ ሥር ምን ይበቅላል?

ዛሬ የምናነበው ስለ ጥድ ነው። የሐበሻውን ጥድ ማለቴ አይደለም፤ ከሜክሲኮ የመጣውን፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነውን ፓቱላን ነው።

ጤፍ በነበረበት ማሳ ላይ ፓቱላ ተተከለ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሥሩ የሚበቅለው ያው የማሳው ሣርና አረም ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ቆይቷላ!

ጥዱ ሲያድግ ቅርንጫፎቹ ይገጥማሉ። ጥላው ይከብዳል፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ይሸፍናል። ያን ጊዜ ሣሩ ይጠፋል። «ከጥድ ሥር ምንም አይበቅልም» የሚሉ ሰዎች ይህን አይተው ነው። ግን ቸኩለዋል።

ጥዱ ሲያረጅ፣ ወይም መሐል መሐሉ ሲቆረጥ፣ ብርሃን ይገባል። በሙነሳና ሻሸመኔ ደን ከተተከሉ ዛፎች ሥር የአገር ዛፎች በቅለው ተገኝተዋል። ዘራቸው ከየት መጣ? ብዙ ዘመን በታረሰ አፈር ውስጥ የደን ዛፍ ዘር እምብዛም አይገኝም። ወይራን የምታመጣው ወፍ ናት። ፍሬውን በልታ ጥዱ ላይ ታርፋለች፤ ከኩሷ ጋር ዘሩ ይወድቃል። ነባሩ ደን ከራቀ ግን ወፏስ ከየት ታምጣ?

ሰፈራችሁ ጥድ ካለ ጎንበስ ብላችሁ ሥሩን እዩ። የወይራ ወይም የዝግባ ቡቃያ ካገኛችሁ፣ ጥዱን ስትቆርጡ በየት በኩል እንደምትጥሉት ከወዲሁ አስቡ።