መጥሪያው ሲመጣ ዝም አንበል



ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እዚህ ጫግኒ፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ልጆች ከምናስቀራበት ክፍል ደጃፍ አንዲት እናት ቆመው አገኘናቸው። ልጃቸው ጧት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በመድረሳ ይማራል። ባለቤታቸው አዲስ አበባ ሲነግዱ ኖረው ወደ አኼራ የሄዱ ሲሆን፣ እዚያ ያፈሩት ቤት ነበር። እናትየው ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈትተው «ኡስታዝ፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» አሉን።

ወረቀቱ ከፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የተላከ መጥሪያ ነበር። ከሳሾቹ ሟች ከቀድሞ ትዳራቸው የወለዷቸው ልጆች ናቸው፤ ጉዳዩ የውርስ ክፍፍል ነው። ጎረቤት ግን አስቀድሞ መክሯቸው ኖሯል። «አትሂጂ፤ ካልሄድሽ ማንም ሊፈርድብሽ አይችልም» ብሏቸዋል።

ምክሩ የመጣው ከደግ ልብ ነው። ነገር ግን ስሕተት ነው፤ ቤት የሚያሳጣ ስሕተት። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

በአገራችን ለሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና መስጠት የተጀመረው ትናንት አይደለም። በ1934 ዓ.ም. እና በ1936 ዓ.ም. የወጡ አዋጆች የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶችን አቋቁመው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፣ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚችለው በተከራካሪዎች ፈቃድ መሆኑን ደነገገ። አንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 እነዚህን ፍርድ ቤቶች የማቋቋም ወይም እውቅና የመስጠት ሥልጣንን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች ሰጠ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ ሕግ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ። የፈቃድ ነገር ግን ከሕገ መንግሥቱ የሚመነጭ ስለሆነ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። ሦስት እርከን አቆመ፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። ሥልጣናቸውም ጋብቻን፣ ፍችን፣ ቀለብንና የልጆች ሞግዚትነትን፣ እንዲሁም ወቅፍን፣ ስጦታን፣ ውርስንና ኑዛዜን የሚመለከት ነው። ለሁሉም የተከራካሪዎች ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው በሸሪዓው ለመዳኘት እንደፈቀደ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለበት እንደሚታይ አዋጁ ደነገገ። ቀርቦ «አልፈቅድም» ካለ ግን መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል። አንዴ ከተመረጠ በኋላም መመለስ የለም። እንግዲህ የጎረቤት ምክር ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ልብ በሉ! መቅረት እምቢታ ሳይሆን እሺታ ሆኖ ይቆጠራል።

በተቃራኒው የተናገረ ሰው ፈቃዱ ሊጣስ አይገባም። አንዲት ሴት በውርስ ክርክር የሸሪዓውን ሥልጣን ብትቃወምም፣ ጉዳዩ በየእርከኑ ታይቶ ተፈርዶባት ነበር። በመጨረሻ አቤቱታዋ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበ። ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለፈቃድ የተሰጠው ውሳኔ ከአንቀጽ 34 ጋር እንደሚጋጭ ወሰነ። ጠበቆቻችንም ከዚህ ውሳኔ ትምህርት ሊወስዱ ይገባል። ስለ ድርሻ ከመከራከራቸው በፊት ደንበኛቸውን ስለ ፈቃዱ ይጠይቁት።

ምርጫው ለምን ክብደት አለው? በምሳሌ እንየው። ሟች ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ትቷል እንበል። ዕዳ ከተከፈለ በኋላ የቀረው 800,000 ብር ነው። ንብረቱ ሁሉ የሟች ከሆነ፣ በሱረቱ ኒሳእ በተደነገገው መሠረት ሚስት አንድ ስምንተኛውን፣ 100,000 ብር ታገኛለች። ከቀሪው 700,000 ለእያንዳንዱ ወንድ 200,000፣ ለእያንዳንዷ ሴት 100,000 ይደርሳል። በመደበኛው ሕግ ሚስት የባሏ ወራሽ ባትሆንም፣ ንብረቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ሀብት ከሆነ ግማሹን፣ 400,000 ብር ትወስዳለች። የቀረው ለአምስቱ ልጆች እኩል፣ ለእያንዳንዳቸው 80,000 ብር ይከፈላል።

ይሁን እንጂ ሸሪዓው ሚስትን በአንድ ስምንተኛ ብቻ ይወስናታል የሚል ካለ ተሳስቷል። በራሷ ገንዘብ ያፈራችው የራሷ ነው፤ ወደ ውርስ አይገባም። ያልተከፈለ መህርም ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሚከፈል ዕዳ ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። እናትየውን «ቤቱ ሲሠራ ያዋጡት ገንዘብ አለ?» ብለን ስንጠይቃቸው፣ ከአባታቸው የወረሱትን ሁለት በሬ ሸጠው መስጠታቸውን ነገሩን። ወረቀት ግን አልነበራቸውም። መህራቸውም በቃል ብቻ የቀረ ነበር።

እኛ «ይህን ይምረጡ» አላልናቸውም። መጀመሪያ ቀጠሮውን እንዳያሳልፉ፣ ሁለተኛ የሕግ ባለሙያና ዓሊም እንዲያማክሩ፣ ሦስተኛ የበሬውን ሽያጭ የሚያውቁ ምስክሮችን እንዲያፈላልጉ ነገርናቸው። በቀጠሮው ዕለት ቀርበው በሸሪዓው ለመዳኘት ፈቀዱ። ሲመለሱ እንዲህ አሉን፦ «የአላህን ሕግ ድሮም አልጠላሁም። እኔ ሳልጠየቅ በስሜ እሺ እንዳይባልብኝ ነው የፈራሁት። ጠየቁኝ፤ መለስኩ።» በበሬው ጉዳይም ሁለት ሽማግሌዎች መሰከሩላቸው።

ወጣቶች ሆይ፣ ኒካሕ ስታስሩ መህሩንና ምስክሮቹን በጽሑፍ አስፍሩ። ጋብቻውንም አስመዝግቡ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ለጋብቻ የተሰጠውም ጊዜ 30 ቀን ነው። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩትንና እያንዳንዳቸው ያዋጡትን በሕይወት ሳሉ ይጻፉት። ይህ መጠራጠር ሳይሆን አማና መጠበቅ ነው።

መጥሪያ ከመጣ ደግሞ ፍሩም አትፍሩም ቅረቡ፤ ቃላችሁንም በአንደበታችሁ ስጡ። አላህ የየቲሞችንና የባልቴቶችን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።